የነርቭ ሴሎችና ግሊያ ፔፕታይድ እንዴት ይሠራሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ የጤና ተማሪዎችን ፊዚዮሎጂ አስጠናለሁ። ስለ ነርቭ መልእክተኞች ስንጀምር አሴቲልኮሊንና ዶፓሚን ላይ ሁሉም ጆሮውን ያቀናል፤ ፔፕታይድ ላይ ስንደርስ ግን ደብተር መከደን ይጀመራል። "እሱማ የስም ጋጋታ ነው፣ ሸምድደን እናልፈዋለን" ይሉኛል። በዚህ አልስማማም። የፔፕታይድ ጠባይ ሁሉ ከአሠራሩ የሚመነጭ ነው፤ ለምን እንደሚዘገይ፣ ለምን በቁጠባ እንደሚለቀቅ፣ ለምን ውጤቱ እንደሚቆይ አሠራሩን የተከታተለ ሰው ሳይሸመድድ ይገባዋል። ከዚህ በታች ያሉት በጥናት ሰዓት፣ በቡና ሰዓት፣ አንዳንዴም ከገዛ ቤተሰቤ የመጡልኝ ጥያቄዎች ናቸው።

ፔፕታይድ ሲባል ምን ማለት ነው?

አሚኖ አሲዶች እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተራ በተራ ተሰክተው የሚፈጥሩት አጭር ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ሲረዝምና ሲተጣጠፍ ፕሮቲን እንለዋለን። የነርቭ ሴሎች መልእክት የሚልኩባቸው ፔፕታይዶች ኒውሮፔፕታይድ ይባላሉ፤ በሰው ላይ ከ100 በላይ ይታወቃሉ። ቲአርኤች 3 ፍሬ ብቻ አለው፣ ኤንከፋሊን 5፣ ኦክሲቶሲንና ቫሶፕሬሲን እያንዳንዳቸው 9፣ ሳብስታንስ ፒ 11፣ ኒውሮፔፕታይድ ዋይ 36።

ታዲያ ከአሴቲልኮሊን በምን ይለያል?

ከሁሉ በፊት በሚሠራበት ቦታ። አሴቲልኮሊን እዚያው ነርቩ ጫፍ ላይ በአንድ ኢንዛይም ይሠራል። ከተለቀቀ በኋላ ይሰበራል፣ ኮሊኑ ተመልሶ ይገባል፣ እንደገና ይሠራበታል። ሊጡ ጓዳ እንዳለላት ሴት ነው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ምጣድ መጣድ ብቻ ነው።

ፔፕታይድ እንዲህ አይደለም። ትእዛዙ ከዘረ-መል ይነሣል፣ ሥራው በዋናነት በሴሉ አካል ውስጥ ይካሄዳል፣ ከዚያ ተጭኖ ወደ ጫፉ ይጓዛል። አንዴ ከተለቀቀ ደግሞ ለቅሞ ወደ ከረጢቱ የሚመልሰው የለም። እያንዳንዱ ጠብታ ከእህሉ፣ ከወፍጮው ጀምሮ አዲስ ነው። ይህችን አንድ ልዩነት የያዘ ተማሪ የቀረውን ራሱ ይደርስበታል።

በሴሉ ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዴት ይሠራል?

ይህን በደንብ ላስረዳ፤ የነገሩ እምብርት እዚህ ነው።

አጎቴ ሸማኔ ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ሲሸምን ስንት ከሰዓት በኋላ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። አንድ ነጠላ ሸምኖ ቆርጦ እንደገና ድር አይዘረጋም። አንድ ረጅም ጣቃ ይሸምናል፤ የአንዱ ማብቂያና የሌላው መጀመሪያ ላይ ጥቂት ጣት የሚሆን ድር ሳይማግ ባዶውን ይተዋል። በኋላ መቀሱ የሚያርፈው እዚያ ባዶው ድር ላይ ነው። የተንጠለጠለው ክር ደግሞ እንዳይተረተር ይቋጫል። ሴሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

አስኳሉ ውስጥ ያለው ዘረ-መል ኤምአርኤንኤ በሚባል የመልእክት ቅጂ ይገለበጣል። ራይቦዞም የሚባለው የሴሉ ፕሮቲን ሠሪ ያንን እያነበበ አሚኖ አሲዶችን ይሰካል፤ የሚወጣው ግን ትንሹ ፔፕታይድ ሳይሆን ረጅም ጣቃ ነው። እኔ ለተማሪዎቼ "እናት ፕሮቲን" እለዋለሁ። የጣቃው መጀመሪያ፣ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት ፍሬዎች፣ "ይህ ወደ ውጭ የሚላክ ነው" የሚል ምልክት ናቸው። በዚህ ምልክት እየተመራ ሰንሰለቱ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ወደሚባለው የሴሉ ጓዳ ይገባል። ከገባ በኋላ ምልክቱ አያስፈልግም፤ ሰንሰለቱ ገና ተሰክቶ ሳያልቅ ይቆረጣል። እዚያው ይተጣጠፋል፣ እንደ ኦክሲቶሲን ላሉት በሰልፈር ድልድይ ይታሰራል።

ቀጥሎ ጎልጂ ነው። ጎልጂ እቃ የሚለይበትና የሚታሸግበት ቦታ ነው ማለት ይቻላል። እናት ፕሮቲኑ የሚታሸገው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ መሃሉ በጠቆረ፣ ስፋቱ 100 ናኖሜትር አካባቢ በሆነ ከረጢት ነው። ግሉታሜትና አሴቲልኮሊን የሚቀመጡበት ከረጢት የዚህ ግማሽ ገደማ ነው፤ መሃሉም አይጠቁርም። ልብ በሉ፦ ከረጢቱ ሲታሸግ ውስጡ ያለው ጣቃው ብቻ አይደለም። መቀሶቹም አብረው ይታሸጋሉ።

ከረጢቱ ጉዞ ሲጀምር ውስጡ እየኮመጠጠ ይሄዳል። ይህ ኮምጣጣነትና እዚያ ያለው ካልሲየም መቀሶቹን ያነቃቸዋል። ዋነኞቹ መቀሶች ፒሲ1 እና ፒሲ2 የሚባሉ ኢንዛይሞች ናቸው። የሚቆርጡት የትም አይደለም፤ ላይሲንና አርጂኒን የሚባሉት አሚኖ አሲዶች ጥንድ ሆነው በተቀመጡበት ቦታ ነው። ያቺ ጥንድ የአጎቴ ባዶ ድር ናት። ከተቆረጠ በኋላ ጫፉ ላይ የሚቀሩትን ጥንዶች ካርቦክሲፔፕቲዴዝ ኢ የሚባል ሌላ ኢንዛይም ይለቅማቸዋል።

መቋጨቱስ?

ብዙ ጊዜ ከጥንዷ በፊት ግላይሲን ተቀምጦ ይገኛል። እሱ ለመቋጨት የተተወ ክር ነው። ፓም የሚባል ኢንዛይም ግላይሲኑን ቆርጦ ናይትሮጅኑን ብቻ ጫፉ ላይ ያስቀርለታል። ከኒውሮፔፕታይዶች ግማሽ ያህሉ በዚህ መልክ የተቋጩ ናቸው፤ ሳብስታንስ ፒ፣ ኦክሲቶሲን፣ ቫሶፕሬሲን፣ ኒውሮፔፕታይድ ዋይ ሁሉም ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ሳይቋጭ የቀረ ሳብስታንስ ፒ ፍሬዎቹ 11ዱም በቦታቸው እያሉ ተቀባዩን፣ ማለትም መልእክቱን በሌላው ሴል ላይ የሚይዘውን ፕሮቲን፣ የማንቃት ኃይሉ እጅግ ይዳከማል። አንዲት ክር ናት የምትለየው! ይህን ባስተማርኩ ቁጥር ይገርመኛል።

ፓም ለሥራው መዳብ፣ ኦክስጅንና ቫይታሚን ሲ ይፈልጋል ይባላል። ስለዚህ ብርቱካን ባበዛ አእምሮዬ ብዙ ፔፕታይድ ይሠራል?

አይሠራም። አእምሮ ቫይታሚን ሲን ከደም እየሳበ በብዛት የሚያከማች አካል ነው፤ እጥረት ካልኖረ በስተቀር መጨመሩ መቀሱን አያፈጥነውም። መዳብ የማጓጓዝ ችግር ይዘው በሚወለዱ ሕፃናት ላይ፣ የሜንክስ (Menkes) በሽታ በሚባለው፣ ሌሎች መዳብ የሚሹ ኢንዛይሞች እንደሚጎዱ ሁሉ የፓምም ሥራ ይጎዳል። ብርቱካኑን ግን ለጤናችሁ ብሉ።

ከአንድ እናት ፕሮቲን የተለያዩ ፔፕታይዶች እንዴት ይወጣሉ?

ጣቃው አንድ ቢሆንም መቀሱ ይለያያላ! ምርጡ ምሳሌ ፖምሲ ነው፤ ሙሉ ስሙ ፕሮኦፒዮሜላኖኮርቲን። ከአእምሮ ሥር ባለው ፒቱታሪ ዕጢ የፊት ክፍል ውስጥ በዋናነት ፒሲ1 አለ፤ ስለዚህ ከፖምሲ 39 ፍሬ ያለው ኤሲቲኤች ይወጣል፣ ወደ አድሬናል ዕጢ ሄዶ የጭንቀት ሆርሞን የሚባለውን ኮርቲሶል ያስመነጫል። ሃይፖታላመስ በሚባለው፣ ከፒቱታሪ በላይ ባለው የአእምሮ ክፍል ውስጥ ባሉ ነርቮች ግን ፒሲ2ም ስላለ ያ ኤሲቲኤች ራሱ እንደገና ይቆረጥና የመጀመሪያዎቹ 13 ፍሬዎች አልፋ ኤምኤስኤች ይሆናሉ፤ የምግብ ፍላጎትን የሚቀንስ መልእክት ነው። ከዚያው ጣቃ ጫፍ ደግሞ ሕመም የሚያስታግሰው ቤታ ኢንዶርፊን ይወጣል፤ 31 ፍሬ። ጭንቀት፣ ረሃብና ሕመም ከአንድ ዘረ-መል።

አንዳንዴ ልዩነቱ ከመቀሱም በፊት ይጀምራል። ታይሮይድ ውስጥ ካልሲቶኒን የሚያወጣው ዘረ-መል ነርቭ ውስጥ ኤምአርኤንኤው በሌላ መንገድ ስለሚገጣጠም ሲጂአርፒ የተባለውን 37 ፍሬ ያለው ፔፕታይድ ያወጣል። ሲጂአርፒ ከማይግሬን ራስ ምታት ጋር በጥብቅ የተያያዘ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ እሱን ወይም ተቀባዩን የሚያግዱ መድኃኒቶች ለማይግሬን መከላከያ ተፈቅደዋል።

ከሴሉ አካል እስከ ጫፉ ለመድረስ ስንት ጊዜ ይወስዳል?

የእግር ጣትን ስሜት የሚያመጣ ነርቭ የሴሉ አካል ወገብ አካባቢ ነው ያለው። ርቀቱ በረጅም ሰው 1 ሜትር ይሆናል። ከረጢቶቹን ኪኔሲን የሚባሉ ተሸካሚ ፕሮቲኖች በሴሉ ውስጥ በተዘረጋ ሐዲድ ላይ ይጎትቷቸዋል፤ ፈጣኑ ጉዞ በቀን 400 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ወገብ ላይ የተጫነ ከረጢት ጣት ላይ የሚደርሰው ሰኞ ማታ ነው። መንገድ ላይ እያለ መቀሶቹ ሥራቸውን ይጨርሳሉ።

ጫፉ ላይ ከደረሰ በኋላ መቼ ይለቀቃል?

ነርቩ አንድ ጊዜ ብልጭ ሲል አይለቀቅም። ትናንሾቹ ከረጢቶች የመልቀቂያው በር ሥር ተደርድረው ይጠብቃሉ፤ የፔፕታይዶቹ ከረጢቶች ግን ራቅ ብለው ስለሚቀመጡ ነርቩ ደጋግሞ፣ በፍጥነት ሲተኩስና ካልሲየሙ ዘልቆ ሲደርሳቸው ነው የሚከፈቱት። በጫፉ ብቻም አይወሰኑም፤ ኦክሲቶሲንና ቫሶፕሬሲን ከሴሉ አካልና ከቅርንጫፎቹም ይለቀቃሉ። ከተለቀቁ በኋላ ራቅ ወዳለ ሴል ይንሳፈፋሉ፤ ተቀባዮቻቸው በጣም ጥቂት መጠን ይበቃቸዋል፤ ውጤቱም ከሰከንዶች እስከ ደቂቃዎች፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ ይቆያል።

የሚያበቃላቸው እንዴት ነው? በመቆረጥ። በሴሎች ገጽ ላይ ያሉ ኢንዛይሞች ይቆራርጧቸዋል። ከእነዚህ አንዱን ብዙዎቻችሁ ሳታውቁት ታውቁታላችሁ፦ ኤሲኢ። ለደም ግፊት የሚሰጠው ኢናላፕሪል የሚያግደው ይህንን ኢንዛይም ነው። ኤሲኢ ብራዲካይኒንና ሳብስታንስ ፒ የተባሉ ፔፕታይዶችንም ስለሚቆራርጥ፣ ሲታገድ እነሱ ሳንባና ጉሮሮ አካባቢ ይበዛሉ፤ ኢናላፕሪል የሚወስዱ አንዳንድ ሰዎችን የሚያስቸግረው ደረቅ ሳል በዋናነት ከዚህ እንደሚመጣ ይታመናል። እናቴ ስትስል ሰምቼ መጀመሪያ የጠየቅኳት ስለ ኪኒኗ ነበር። እንዲህ ያለ ሳል ያላችሁ ኪኒኑን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ ሐኪማችሁን ንገሩ፣ ይህን ሳል ብዙም የማያመጡ እንደ ሎሳርታን ያሉ አማራጮች አሉ።

ግሊያ ሴሎችስ ፔፕታይድ ይሠራሉ?

አዎ ይሠራሉ፤ ይህ ጥያቄ ሲነሣ ደስ ይለኛል፤ ግሊያ፣ ከነርቭ ሴሎች ጋር አብሮ የሚኖረው ሌላው የአእምሮ ሴል ዓይነት፣ ብዙ ጊዜ የተበደለ ሴል ነው። ሩዶልፍ ቪርኾው እ.ኤ.አ. በ1856 ኒውሮግሊያ ብሎ ሲሰይመው በግሪክ "ሙጫ" ከሚል ቃል ነው የወሰደው፤ ነርቮችን የሚያጣብቅ መስሎት ነበር። ስሙ አብሮት ቀረ። ዛሬ በሰው አእምሮ ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን የነርቭ ሴሎች፣ ግሊያዎቹም ከዚያ ቁጥር ብዙም እንደማይርቁ እናውቃለን።

ኮከብ የሚመስሉት ግሊያዎች፣ አስትሮሳይቶች፣ የእናት ፕሮቲን ዘረ-መሎችን ይከፍታሉ። አእምሮ ውስጥ ያለው አንጂዮቴንሲኖጅን በአብዛኛው የሚሠራው በእነሱ ነው። የኤንከፋሊን እናት ፕሮቲን፣ ኒውሮፔፕታይድ ዋይ፣ ሶማቶስታቲን፣ እንዲሁም ሴክሬቶግራኒን 2 በአስትሮሳይቶች ውስጥ ተገኝተዋል። መሃሉ የጠቆረ ከረጢት የሚመስልም አላቸው።

አሠራሩ ግን ከነርቩ ጋር አንድ ነው ብላችሁ እንዳትጽፉ። መጀመሪያ ነገር መቀሶቹ ሁሉ ላይሟሉ ይችላሉ። በላብራቶሪ ሳህን ላይ ባደጉ አስትሮሳይቶች ላይ እንደታየው ከኤንከፋሊን እናት ፕሮቲን ብዙው ሳይቆረጥ፣ ጣቃው እንዳለ፣ ይወጣል። ነርቩ ነጠላ ይሸጣል፣ አስትሮሳይቱ ጣቃውን ያወጣል እንደማለት ነው። ከዚያ ደግሞ አስትሮሳይት እንደ ነርቭ በኤሌክትሪክ አይተኩስም፤ የሚለቀው በውስጡ ካልሲየም ቀስ ብሎ ከፍ ሲል፣ ለምሳሌ ግሉታሜት ወይም ኤቲፒ ሲነካው ነው። ስለዚህ መልእክቱ ይዘገያል፤ አካባቢውን ሁሉ ያዳርሳል እንጂ አንድ ነጥብ አይመታም።

በጣም የሚገርመኝ ግን ዲቢአይ የተባለው ነው። 86 ፍሬ ያለው ፕሮቲን ነው፤ አእምሮ ውስጥ ግሊያዎች በብዛት ይሠሩታል። ሲቆረጥ ከመሃሉ ኦዲኤን የሚባል 18 ፍሬ ያለው ፔፕታይድ ይወጣል፤ ይህም ዲያዜፓም የሚባለው ማረጋጊያ መድኃኒት በሚሠራበት የጋባ ተቀባይ ላይ ተጽዕኖ አለው። የሚገርመው ነገር ዲቢአይ ያ የመጀመሪያው ምልክት፣ "ወደ ውጭ የሚላክ ነው" የሚለው፣ የለውም! ወደ ጓዳው አይገባም፣ በጎልጂ አያልፍም፣ በሌላ መንገድ ነው የሚወጣው። ከላይ በሸማኔው የነገርኳችሁ ሥርዓት እዚህ ላይ አይሠራም።

አንድ ነገር መያዝ አለባችሁ፦ ስለ ግሊያ ፔፕታይዶች ከተጻፈው ብዙው ከሳህን የመጣ ነው፤ ሳህን ላይ ያለ አስትሮሳይት ደግሞ ጠባዩ ይለወጣል። ሕያው አእምሮ ውስጥ በሰላም ጊዜ ምን ያህሉ እንደሚለቀቅ ተመራማሪዎች አሁንም ይከራከሩበታል። ጉዳት ሲደርስ ግን አስትሮሳይቶች የሚሠሩት ነገር በእጅጉ እንደሚለወጥ ብዙ ማስረጃ አለ።

ግሊያ ባይሠራም ሌላ ድርሻ አለው?

ትልቅ ድርሻ አለው፤ በር ጠባቂ ነው። ታኒሳይት የሚባሉ ግሊያዎች ቲአርኤችን የሚቆርጥ ኢንዛይም በገጻቸው ላይ ይዘው ስንቱ ወደ ፒቱታሪ እንደሚያልፍ ይወስናሉ። ከሁሉም በላይ ግን የአራስ እናትን አእምሮ ላስታውሳችሁ። በሌላ ጊዜ ኦክሲቶሲን የሚሠሩ ነርቮች መካከል የአስትሮሳይት ቀጫጭን ክንዶች ገብተው ይለያዩአቸዋል። በላብራቶሪ እንስሳት ላይ እንደታየው፣ በወሊድና በማጥባት ጊዜ ክንዶቹ ይሰበሰባሉ፤ ነርቮቹ ጎን ለጎን ይጠጋጋሉ፣ አብረው ይተኩሳሉ፣ ወተቱም ይወርዳል። ማጥባት ሲቆም ክንዶቹ ይመለሳሉ። "ሙጫ" የተባለው ሴል ይህን ነው የሚያደርገው።

በርበሬ ሲወቀጥ ዓይንና አፍንጫ የሚያቃጥለው ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ይገናኛል፣ ያውም በቀጥታ። በርበሬና ሚጥሚጣ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን በሕመም ነርቮች ላይ ያለውን፣ ቲአርፒቪ1 የሚባለውን ተቀባይ ይከፍታል፤ ዴቪድ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ1997 ከነባልደረቦቹ ዘረ-መሉን ለይቶ በ2021 ኖቤል ተሸልሞበታል። ይኸው ተቀባይ 43 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሙቀት ሲደርስም ስለሚከፈት ነው ሚጥሚጣ "የሚያቃጥለው"። የሕመም ነርቩ ሲነቃ ወደ አከርካሪ መልእክት ይልካል፤ እዚያው ቆዳና አፍንጫ ውስጥ ባለው ጫፉም ሳብስታንስ ፒና ሲጂአርፒ ይለቃል። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ፈሳሽ ያፈስሳሉ። አያቴ ሙቀጫው ላይ ስትጎነበስ ዓይኗ የሚቀላው፣ እኛ ልጆቹ ደጅ ሆነን የምናነጥሰው ለዚህ ነበር።

ካፕሳይሲን በቅባት መልክ ለሕመም ማስታገሻ እንደሚሆንም አሁን ይገባችኋል። ተደጋግሞ ሲቀባ የነርቩ ጫፍ ይደነዝዛል፣ ያለው ሳብስታንስ ፒም ይመናመናል፤ ምትኩ ከሴሉ አካል ተሠርቶ እስኪመጣ ድረስ ቀናት ያልፋሉ።

ሳብስታንስ ፒ ውስጥ ያለው "ፒ" ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1931 ኡልፍ ፎን ኦይለርና ጆን ጋዱም ከፈረስ አእምሮና አንጀት ላወጡት ዱቄት (በእንግሊዝኛ ፓውደር) የሰጡት ፊደል ነው። ፍሬዎቹ 11 መሆናቸውንና ቅደም ተከተላቸውን እነሱዛን ሊማን የለዩት ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ኦክሲቶሲን ለወላድ ለምን በመርፌ ብቻ? ለምንስ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል?

ፔፕታይድ ስለሆነ። ብትውጡት ጨጓራና አንጀት እንደ ሥጋ ይፈጩታል። ደም ውስጥ ገብቶ እንኳ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። ልጁ እንደተወለደ ደም መፍሰስን ለመከላከል 10 ዩኒት በጡንቻ ይወጋል። መድኃኒቱ ዛሬ ከእንስሳ አይወጣም፤ ቪንሰንት ዱ ቪኞ እ.ኤ.አ. በ1953 በኬሚስትሪ ሠርቶት ከ2 ዓመት በኋላ ኖቤል አግኝቶበታል።

ፍሪጁ ግን ቀልድ አይደለም። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተቀመጠ እየተበላሸ ይሄዳል፤ ሲበላሽም መልኩ አይለወጥም፣ ብልቃጡ ያው ጥርት ያለ ውሃ ነው። ለልምምድ የወጣሁበት አንድ ጤና ጣቢያ መብራት ለቀናት ጠፍቶ ነበር። አንዲት አዋላጅ ነርስ፣ እህት የምላት፣ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እያወጣች ስትቆጥርና ለብቻ ስታስቀምጣቸው አየሁ። "ይኼን ወግቼ ደሙ አልቆም ቢለኝ ለእናቲቱ ምን እላታለሁ?" አለችኝ። የዚያን ቀን ወላድ ስላልመጣ ተመስገን ብለናል። እስከዛሬ ስለ 9 ፍሬ ሰንሰለት ሳስተምር የእሷ ጣቶች ይታዩኛል።

በሁዳዴ ረሃቡ ሰዓት ጠብቆ የሚመጣውስ?

ሃይፖታላመስ ውስጥ ኒውሮፔፕታይድ ዋይ የሚሠሩ ነርቮች አሉ፤ ምግብ ሲቀር ዘረ-መሉ ይበልጥ ይነበባል፣ ከጎናቸው ያሉት የፖምሲ ነርቮች ደግሞ ይቀዘቅዛሉ። ጨጓራ የሚልከው ግሬሊን፣ እሱም 28 ፍሬ ያለው ፔፕታይድ፣ ከተለመደው የመብያ ሰዓት ቀደም ብሎ ከፍ ይላል። 55ቱን ቀን እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው መጀመሪያ ላይ ጠዋት የሚያንገበግበው ረሃብ እየቆየ ወደ ቅዳሴው መውጫ የሚሸሸው፣ በእኔ ግምት፣ ይህ ሰዓት ስለሚለምድ ነው። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ግን ከመጾማችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

እናት ፕሮቲኑ ላይ ስህተት ቢፈጠርስ?

ብራትልቦሮ የሚባሉ የላብራቶሪ አይጦች በቫሶፕሬሲን ዘረ-መላቸው ላይ አንዲት ፊደል ጎድላለች። ከዚያች ፊደል በኋላ ንባቡ ይዛባል፤ ኩላሊት ውሃ እንዲያስቀር የሚያዘው ቫሶፕሬሲን ደማቸው ውስጥ አይገኝም፣ ውሃ ሲጠጡና ሲሸኑ ይውላሉ። በሰውም ተመሳሳይ በሽታ በቤተሰብ ይወረሳል። እዚያ ብዙ ጊዜ ስህተቱ ያለው ፔፕታይዱ ላይ ሳይሆን በዚያው ጣቃ ላይ አብሮት በሚሸመነው ኒውሮፊዚን የሚባል ቁራጭ ላይ ነው፤ ጣቃው በትክክል ስለማይታጠፍ ጓዳው ውስጥ ተከማችቶ ቀስ በቀስ ሴሉን ይጎዳዋል። ልጆቹ ደህና ተወልደው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ የሚጠሙት ለዚህ ነው።

ትልቅ ላብራቶሪ የሌለው ተማሪ ከዚህ ሁሉ በዓይኑ ምን ማየት ይችላል?

የበግ ጭንቅላት። ቀልዴን አይደለም። ተመራማሪው ሮዤ ጊልማን ቲአርኤችን ለመለየት ከ300,000 ገደማ የበግ ሃይፖታላመስ ያገኘው 1 ሚሊግራም ብቻ ነበር። ለእናንተ አንድ ይበቃችኋል።

ለፋሲካ ሲታረድ ጭንቅላቱን ለምኑ፣ ጓንት አድርጉ፣ የራስ ቅሉን ከላይ በጥንቃቄ አስከፍቱ። አእምሮውን ከፊት በኩል ቀስ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ስታነሡት ከሥሩ አንዲት ቀጭን ግንድ ትታያለች። አትጎትቱ፤ ትበጠሳለች። ግንዷ የምትወርደው አጥንቱ ላይ ወደተቦረቦረች ትንሽ ጉድጓድ ነው፤ እዚያ ውስጥ ባቄላ የምታህል ዕጢ ተቀምጣለች፣ ፒቱታሪ። በምላጭ ከፊት ወደ ኋላ ለሁለት ክፈሏት። የፊቱ ክፍል ቀላ ይላል፣ የኋላው ገርጣ ያለ ነው። ያ ገርጣው ዕጢ አይደለም፤ ከሃይፖታላመስ የወረዱ የነርቭ ጫፎች ናቸው፣ በመካከላቸው ፒቱሳይት የሚባሉ ግሊያዎች ጫፎቹን አቅፈዋቸው። ኦክሲቶሲኑና ቫሶፕሬሲኑ ተቆርጦ፣ ተቋጭቶ፣ በከረጢት ሆኖ እዚያች ምላጭ ላይ ባለችው ቁራጭ ውስጥ አለ።